ማስተካከያ፦ ከማሳ ስለወጣችው ጠገራ ብር

ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አንድ ወዳጄ በዲቴክተር (በብረት መፈለጊያ መሣሪያ) ከማሳው ስላወጣት ጠገራ ብር ባለፈው ስጽፍ «1780 ስለሚል ከአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በፊት የተሠራች ናት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። አምናችሁኝ ለሌላ ያስተላለፋችሁትን ሁሉ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1780 ምስሏ በብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ነው፤ ያውም በፈረንጆች አቆጣጠር። ከዚያ ወዲህ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ ኋላም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲመታ ኖሯል። ሮም ላይ መመታት የጀመረው በፈረንጆች 1935 ነው፤ ስለዚህ ያቺ ብር ከጣሊያን ወረራ ጋር የገባች ልትሆንም ትችላለች። ፎቶውን አጉልቼ ደግሜ ሳየው ከዓመቱ ቀጥሎ እንደ ማባዣ ምልክት ያለች ትንሽ መስቀለኛ አለች። መጀመሪያ ላይ ዓይኔ አልፏታል፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ በሕይወት ሳለች በተመቱት ብሮች ላይም ስላለች ዕድሜዋን አትለይም። 28 ግራም ገደማ መመዘኗም ዕድሜዋን አይናገርም፤ አዲሱም አሮጌውም ያው ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ይብሳል። «ባለማሳው ከፈቀደ መቆፈር ይቻላል» ብዬ ነበር፤ አይቻልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ የተገኘውንም እንዳለ ጠብቆ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እባካችሁ፣ በተለይ መርጡለ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስን በመሰሉ ጥንታዊ ደብሮች ዙሪያ መሣሪያውን ይዛችሁ አትዙሩ። አፈሩ አንዴ ከተገለበጠ ብሩ ከምን ጋር እንደተቀበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ወዳጄም ጉድጓዱን ደፍኖ ብሯን ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊወስዳት ነው። በሎሚና በአመድ እንዳይፈትጋት ነግሬዋለሁ።