ከስካነሩ ጋር ሳይጠሩ ለመጡት ሶፍትዌር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የስካነር አጃቢ ሶፍትዌር፣
ባሉበት፤

ጉዳዩ፦ መሰናበትዎን ስለማሳወቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ "አፕዴት ላድርግ?" ብለው እንደሚያቋርጡኝ ስለማውቅ ፈጠን ፈጠን እላለሁ።

የመጡበትን ቀን ያስታውሱታል? እኔ አልረሳውም። አንዲት የተፈረመች ወረቀት ነበረችኝ። ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ስካን አድርጌ መላክ ነበረብኝ። ስካነሩ ከእኔ በፊት ሌላ ባለቤት ነበረው፤ ለእኔ ግን አዲስ ነው። ዋይፋይ ላይ ገብቷል። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። አብራው የመጣችው ብጣሽ መመሪያ ግን "በመጀመሪያ ሶፍትዌሩን ይጫኑ" አለች። እኔም የዋህ ነኝ፤ ጫንኩዎት።

ከ400 ሜጋባይት በላይ ነበሩ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ይገርመኛል። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲነሳ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል። በግራጫ፣ ምንም ሳይታመቅ፣ 9 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። አንዲት ወረቀት ለማሻገር፣ ከወረቀቷ ከ40 እጥፍ በላይ የሚመዝን አሻጋሪ መጣልኝ ማለት ነው።

ከዚያ አካውንት ክፈት አሉኝ። ኢሜይል፣ አገር፣ የትውልድ ቀን። (ስካነር ልደቴን ምን ያደርግለታል? ቀኑ ሲደርስ እንኳን አደረሰህ እንኳ አላለኝም።) ዴስክቶፔ ላይ 5 አይኮን በተኑ። አንዱ የፎቶ አልበም፣ አንዱ የቀለም መሸጫ፣ አንዱ ተሞክሮዬን አሻሽላለሁ ባይ። አራተኛው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አምስተኛው እርስዎ ነዎት።

ሪስታርት አድርጌ ተመለስኩ። "ስካን" የሚለውን ተጫንኩ። መስኮትዎ ላይ አንድ ክብ ነገር ዞረ። ዞረ። ዞረ። በመጨረሻ ቃልዎን ሰጡ፦ "ስካነር አልተገኘም። መብራቱን ያረጋግጡ።"

ስካነሩ ክርኔ ሥር ነበር። በዞርኩ ቁጥር ይገፋኛል። መብራቱ ዓይኔ ውስጥ ያበራል። ሦስት ጊዜ አረጋገጥኩ፤ ሦስት ጊዜም በርቷል።

ወረቀቷን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክኳት። የእጄ ጥላም አብሯት ሄደ።

እንግዲህ አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ምክንያቱም ያን ዕለት ማታ አንድ ነገር ደረስኩበት።

በስካነሩ ትንሽዬ ስክሪን ላይ፣ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ፣ አይፒ አድራሻው ተጽፎ አየሁ። ቁጥሩን እንዳለ ብሮውዘር ላይ ጻፍኩት። የስካነሩ የራሱ ገጽ ተከፈተ። ስሙ አለ። ከስሙ ሥር "ዝግጁ" ይላል። አንተ የለም ያልከኝ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ቁጭ ብሏል!

ደላላ መሆንህ የገባኝ ያኔ ነው። ደላላ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ገዢና ሻጭ ስልክ እንዳይለዋወጡ። እኛ ደግሞ ተለዋወጥን።

ስካነሩ ለካ ራሱ አፍ አለው። ቋንቋው ኢኤስሲኤል ይባላል፤ ኤርስካን የሚሉትም አሉ። ብሮውዘር ሁሉ በሚሄድበት በኤችቲቲፒ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተሩ "ምን ምን ትችላለህ?" ይለዋል። እሱም "እስከዚህ ዲፒአይ፣ በቀለም፣ በግራጫ፣ ከመስታወቱ ወይም ከወረቀት መሳቢያው" ብሎ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ ያዛል፣ ስካነሩ ያነሳል፣ ኮምፒውተሩ ምስሉን ይወስዳል። አለቀ። ፍለጋ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ኤምዲኤንኤስ በተባለ የመተዋወቂያ መንገድ "እዚህ ነኝ" እያለ ለኔትወርኩ ሁሉ ስሙን ይናገራል። ከዚያ ሁሉ 400 ሜጋባይት ውስጥ ጆሮ ሳይኖርህ ቀረ።

ማክ ያለው ሰው ኢሜጅ ካፕቸር የተባለው የስካን ፕሮግራም አብሮት ነው የመጣው። ሊኑክስ ላይ ሴን እና ሴን ኤርስካን የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። እኔ ዊንዶውስ ላይ ነኝና ናፕስቱ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከስካነሩ ጋር የሚያግባባውን) ምረጥ ሲለኝ ኢኤስሲኤል አልኩት፤ ስካነሩ በስሙ ከተፍ አለ። የመጀመሪያዋ ገጽ ስትወጣ ዘወር ብዬ መስኮትህን አየሁት። አሁንም እየፈለግክ ነበር።

የሙያ ዘመዶችህን ሳይ ደግሞ የባሰ ታሳዝነኛለህ። ስካነርንና ፕሮግራሞችን የሚያገናኘው ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ነው። የስሙን ፊደሎች "ማራኪ ስም የሌለው ቴክኖሎጂ" ብለው እየተነተኑ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ይቀለድበታል፣ ይሠራል። አንተ ማራኪ ስም አለህ፣ አርማ አለህ፣ ስትከፈት የምትደንሰው ዳንስ አለህ።

በእርግጥ ያላንተ ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነም። ወረቀቱን ከስካነሩ ቁልፍ ብቻ፣ በቀጥታ ወደ ሼርድ ፎልደር ልላክ ብዬ ተነሳሁ። ለስካነሩ ብቻ አንድ አካውንት ከፈትኩ፤ ያቺን ፎልደር እንጂ ሌላ እንዳያይ አድርጌ። አልሄደም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፓስወርድ ስቀያይር ቆየሁ። ጥፋቱ የፓስወርዱ አልነበረም፤ የአንተም አልነበረም፤ እውነቱን እንነጋገር። ስካነሩ ወደ ፎልደር ለመላክ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 የተባለውን አሮጌ መንገድ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 መገባደጃ ወዲህ አዲስ ሲጫን ያንን መንገድ ለሌላ መሣሪያ ክፍት አያደርግም። ደግ አደረገ። ዋናክራይ የተባለው የቫይረስ ወረርሽኝ በዚያው ዓመት ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ ቀዳዳ ነበር። ለአንዲት ወረቀት ብዬ መልሼ አልከፍተውም። ኤፍቲፒ የተባለውን ሌላ የፋይል መላኪያ መንገድ አደረግኩለት። ኤፍቲፒም ፓስወርዱን ሳይሸፍን ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ ለእሱ የሰጠሁት ፓስወርድ ሌላ የትም አይሠራም።

በሁለተኛው ቀን ስካነሩ ድንገት ጠፋ። ራውተሩ ሌላ አይፒ ሰጥቶት ኖሯል። ራውተሩ ውስጥ ገብቼ አንዱን ቁጥር የእሱ ብቻ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

አንድ ነገር ልመስክርልህ። ኢኤስሲኤል የማያውቁ የቆዩ ስካነሮች አሉ፤ እነሱ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ግን ድራይቨር ሌላ፣ አንተ ሌላ። ድራይቨሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ማውረጃው ላይ፣ ከአንተ ትልቅ ቁልፍ ሥር፣ በደቃቅ ፊደል ለብቻው ይቀመጣል። ዓይን ያለው ያገኘዋል። አንተ ደግሞ ዓይኑን ለመያዝ ነው ቁልፍህን ያሳበጥከው።

ስትወጣም እንደ ሰው አልወጣህም። "በእርግጥ ሊያስወግዱኝ ነው?" አልክ። አዎ። "ምክንያትዎን ይምረጡ" አልክ፤ 6 ምርጫ ደረደርክ። "ስካነሩ ክርኔ ሥር ነው" የሚል ምርጫ የለበትም። "ሌላ" የሚለውን ነክቼ ጻፍኩልህ። አመስግነህ ሪስታርት አስደረግከኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
ፊርማ (ያላንተ ስካን የተደረገ)

ግልባጭ፦
ከሰዓቱ ጎን ለቀረው አፕዴት አድራጊ ልጅህ። ዛሬ ጠዋት ብቅ ብሎ "አዲስ ስሪት ተገኝቷል" አለኝ። ስካነር ማግኘት ያቃተው ቤተሰብ ይህችን እንዴት እንዳገኛት ጠይቅልኝ።