አብረን እንጩህ ነው ያልነው!

አልተኛሁም። እሁድ፣ መስከረም 4 ቀን 2018 ነግቷል፣ አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ እኔ ግን ንዴቴ አልበርድ ብሎኝ ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ረጅም ጽሑፍ የሚሰለቸው ሰው ይለፈኝ። ዛሬ ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

ሁለት ሰከንድ! በቶኪዮው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ በሴቶች ማራቶን፣ ትዕግስት አሰፋ በሁለት ሰከንድ ተቀደመች። ኬንያዊቷ ጄፕቺርቺር 2:24:43፣ ትዕግስት 2:24:45። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጣ፣ በዚያ የቶኪዮ ሙቀት፣ በሁለት ሰከንድ። ይሄ ለብቻው ሳምንት ሙሉ ያሳዝነኛል። ያበገነኝ ግን እሱ አይደለም። ስፖርት ነው፣ ይሸነፋል። ያበገነኝ እህቴ እታለም ቤይሩት ሆና፣ ትዕግስት ያሸነፈች መስሏት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ በሹክሹክታ እልል ማለቷ ነው። በሹክሹክታ እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ ሌሊት ሰማሁ። ከዚያ "አላሸነፈችም" ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ይሄ ሁሉ የጀመረው አርብ ዕለት ነው። ለዚህ ሩጫ ብዬ የኢንተርኔት ፓኬጅ ገዛሁ። ብሩ ተቆረጠ። ፓኬጁ አልገባም። መልእክት የለም፣ ምንም የለም። ስልክ ብደውል "እባክዎ ይጠብቁ" የሚል ሙዚቃ ብቻ። አባዬ ገበያ ሊወጣ ነበርና አብረን ወደ አገልግሎት መስጫው ሄድን። የበዓል ማግስት ስለሆነ ሰልፉ በር ድረስ ወጥቷል። ተራዬ ደረሰ።

"ፓኬጅ ገዝቼ ብሩ ተቆርጧል፣ ግን አልገባልኝም" አልኩት።

መስታወቱ ጀርባ ያለው ልጅ ቀና እንኳ አላለም። "በ24 ሰዓት ውስጥ ይስተካከላል።"

"አይ፣ ነገ ሌሊት ነው የምፈልገው። ማራቶን አለ። እህቴ ውጭ አገር ናት፣ በቪዲዮ ኮል አብረን ልናይ ነው።"

አሁን ቀና አለ። ግን ሊረዳኝ አይደለም። አጠገቡ ወዳለችው ልጅ ዞሮ፣ "ማራቶን በቪዲዮ ኮል ሊያዩ ነው አለችሽ!" አላት። ልጅቷ ሳቀች። ከኋላዬ ካለው ሰልፍም የሳቀ አለ። ፊቴ እንዴት እንደጋለ እግዜር ነው የሚያውቀው።

"እህት፣ ሰው ስንት ቁም ነገር ይዞ ተሰልፏል" አለኝ።

አባዬ ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጄ፣ ካልሆነ ብሩን መልሱልንና ሌላ እንግዛበት" አለ። እንዲህ በትህትና ነው የጠየቀው።

ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አባት፣ አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ሌሊት ሩጫ ከምታይ አትተኛም?"

አንተ! አባዬን! እኛ አንተ የምንለው ልጆቹ ስለሆንን ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንቱ ነው የሚለው። የሰፈራችን ጎረምሳ እንኳ ሲያየው ሲጋራውን ይደብቃል። ይሄ የሸሚዙ ኮሌታ ያልደረቀ ልጅ መስታወት ጀርባ ቁጭ ብሎ አንተ ይለዋል።

"አንቱ በላቸው!" አልኩት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

"እንዴት እንደማወራ ልታስተምሪኝ ነው?" አለና አንገቱን ከእኔ አሻግሮ፣ "ቀጣይ!" ብሎ ጮኸ።

ቀጣይ! እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው ያለው። አባዬ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና "ተይው ልጄ፣ ነይ እንሂድ" አለኝ። እሱ ተወው። እኔ አልተውኩትም። መንገድ ላይ በሌላ ብር ሌላ ፓኬጅ ገዛን። የመጀመሪያው እስካሁን እንደተበላ ነው።

ደግሞ ቁም ነገር አይደለም መባሉ! እስቲ ቁም ነገር ምንድን ነው? እታለም ከሄደች ጀምሮ አንድም በዓል አብራን አልዋለችም። በበዓል ስንደውልላት እንዴት እንደሆነ የውጭ ሰው ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እማዬ ዶሮውን ታሳያታለች፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እማዬ ታለቅሳለች፣ ስልኩ ይዘጋል። እንቁጣጣሽም እንደዚያው ነበር። ሩጫ ሲሆን ግን ማንም አያለቅስም። እንጨቃጨቃለን! "ለምን ፊት ወጣች፣ ገና ነው" ትላለች። አባዬ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ይላታል። ወንድማችን ጋሼ ከቨርጂኒያ ሁለቱንም ይገላግላል። ልክ ድሮ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን እንደምንሆነው። እኔ የናፈቀኝ መጨቃጨቁ ነው። ለዚህ ነው ብሬን የምከፍለው።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ቶኪዮና እኛ የሚገርም ነገር አለን። የ6 ሰዓት ልዩነት ስላለን፣ ሩጫው ሲጀመር የእነሱም ሰዓት 7:30 ሲል በሀበሻ አቆጣጠር የእኛም 7:30 ይላል። እነሱ ጋ ጠዋት ነው፣ እኛ ጋ ሌሊት። ጋሼ ጋ ደግሞ ገና የቅዳሜ ምሽት። የደብረ ብርሃንን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር የሚጠጋ ከተማ ላይ መስከረም ገባ ብሎ ብርዱ አይቀንስም። አባዬ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቧል። እማዬ በሌሊት ቡና አፍልታለች። ቆሎ አለ። ስልኩን በርጩማ ላይ አቁሜ ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሬዋለሁ፣ ምክንያቱም እታለም ቴሌቪዥን የላትም። ያለችበት ቤት ቴሌቪዥን አለ፣ ግን በሌሊት እሷ የምትከፍተው አይደለም። ማዳሟ ግድግዳ ተሻግራ ተኝታለች። ስለዚህ የእሷ ቴሌቪዥን የእኛ ስልክ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ትሰማለች፣ በጽሑፍ ትጨቃጨቃለች።

ጋሼ ቤቱ ትልቅ ስክሪን አለው። በኢንተርኔት ነው የሚያየው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ በዲሽ የምናየው ከእሱ ይቀድማል። ኢንተርኔት ላይ የሚተላለፍ ምስል በጥቂት ሰከንድ እየተቆራረጠ ነው የሚላከው፣ ተቀባዩም እንዳይቋረጥበት የተወሰነውን አጠራቅሞ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ እሱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደኋላ ይቀራል። የቪዲዮ ኮሉ ድምፅ ግን ወዲያው ይደርሰዋል። አባዬ "ወጣች! ወጣች!" ሲል ጋሼ ገና ማንም ሲወጣ አላየም። "አትንገሩኝ! አባዬን ድምፁን ዝጊው!" ይለኛል። አባቴን ድምፁን ልዝጋው? እንዴት ነው አባት የሚዘጋው? ግማሽ ሌሊቱ በዚህ አለቀ። አባዬ ለመጮህ አፉን ይከፍትና ስልኩን አይቶ ይዘጋዋል። ከዚያ ጋሼ ብቻውን ይጮሃል፣ ለእኛ ያለፈ ነገር።

የሲድኒን ኦሎምፒክ አስታወስኩ። የሲድኒን ታሪክ አባዬ ሲያወራው ነው ያደግነው። መስከረም 1993። 10 ሺህ ሜትር፣ ኃይሌና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት። 27:18.20 ለኃይሌ፣ 27:18.29 ለቴርጋት። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ! ያኔ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ነበር። ሰው በመስኮት፣ በበር፣ በግቢው ሞልቶ አየ። ኃይሌ ደረቱን ሲያስቀድም ሁሉም በአንድ አፍ ጮኸ ይላል አባዬ። ዘጠኝ መቶኛ ሰከንዱን አብረው አዩት። ዛሬ ሁላችንም እጃችን ላይ ስልክ አለ፣ የአንድ ቤት ልጆች ግማሽ ደቂቃ ተለያይተን እንጮሃለን። ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር ካለ ንገሩኝ።

የትናንቱን ደግሞ ልጨምር፣ ከተነሳ አይቀር። ትናንት ከሰዓት ጉዳፍ ፀጋይ እዚያው ቶኪዮ 10 ሺህ ሜትር ሮጠች፣ ነሐስ አመጣች። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ነበር። ጄኔሬተር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ሮጥኩ። አርሴናል ከኖቲንግሃም ፎረስት እየተጫወተ ነው። ሌላ አንድ ስክሪን ጥግ ላይ አለ፣ ጠፍቷል። "እባክህ ያንን ለሩጫው ክፈትልኝ" ብዬ ባለቤቱን ብለምነው "ሩጫ ማን ያያል?" አለኝ። በዚህ አገር! አበበ ቢቂላ የተወለደበት ጃቶ እዚሁ ሸዋ ውስጥ ሆኖ "ሩጫ ማን ያያል?" ይባላል። አርሴናል 3 ለ 0 አሸነፈ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እኔም አርሴናል ነኝ። ግን ያቺ ስክሪን ብትከፈት ምን ትጎዳ ነበር? በመጨረሻ ጋሼ ስልኩን ወደ ስክሪኑ አዞረልኝና ጥግ ይዤ አየሁ። ከኋላ "ስልክሽን ዝቅ አድርጊ" የሚለኝ አልጠፋም።

የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶንስ? ነሐሴ 5 ቀን 2016። ያኔም ትዕግስት ነበረች፣ ከሲፋን ሀሰን ጋር። መጨረሻው ላይ ተገፋፉ፣ ኢትዮጵያ ያቀረበችው ተቃውሞም ውድቅ ሆነ። በ3 ሰከንድ ተሸነፈች። ያንን ግፊያ ዓለም ሲያየው እኛ ጨለማ ቤት ነበርን፣ መብራት ሄዶ። እታለም "ምን ሆነ? ምን ሆነ?" ትላለች፣ እኔ ምን ልበላት?

ከዚያ በፊት የቡዳፔስቱ የዓለም ሻምፒዮና፣ ነሐሴ 13 ቀን 2015። ጉዳፍ፣ ለተሰንበት፣ እጅጋየሁ፣ 1፣ 2፣ 3! በ10 ሺህ ሜትር ሜዳሊያው ሁሉ የእኛ! ያኔ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በካርድ ወደ ቤይሩት ደወልኩ። "አንደኛ ጉዳፍ፣ ሁለተኛ ለተሰንበት" ብዬ ሦስተኛዋን ሳልጠራ ካርዱ አለቀ። እታለም ሦስተኛዋን የሰማችው በማግስቱ ከሌላ ሰው ነው። አሁንም ስናነሳው እንስቃለን፣ ግን ያኔ አልሳቅኩም፣ ግድግዳ ነው የመታሁት።

እሺ፣ ቶኪዮ። ሩጫው እየገፋ ሲሄድ ሁለት ሴቶች ብቻ ቀሩ። የእኛ ምስል ግን እየደበዘዘ ሄደ። ፓኬጅ ሲሸጡልን የሚያወሩት ስለምናወርደው ፍጥነት ነው። እኛ ግን እየላክን ነው! ቴሌቪዥኑን ወደ ቤይሩት እየላክን ነው። የመላኪያው ፍጥነት ደግሞ እዚህ ግባ አይባልም። ኔትወርክ ሲደክም መጀመሪያ ምስሉ ይበላሻል፣ ቀጥሎ ይቆማል፣ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ይከተላል። ስልኩን ይዤ በር ላይ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ መስኮት ላይ አደረግኩት። እማዬ "ብርዱ ገባ፣ በሩን ዝጊ!" ትላለች። አባዬ "ዝም በሉ፣ ስታዲየም ገቡ!" ይላል።

ስታዲየም ገቡ። ትዕግስት ፈትለክ ብላ ወጣች። ፊት ሆነች! ልቤ ቆመ። ምስሉም እዚያው ቆመ። እታለም ስክሪን ላይ ትዕግስት ፊት እንደሆነች ቀረች። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ጄፕቺርቺር መጨረሻዋ ላይ መጥታ ያለፈቻትን፣ እኛ ብቻ አየን። አባዬ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ጋሼ ገና "አይዞሽ! አይዞሽ!" እያለ ነው፣ እሱ ጋ አልተቀደመችም። እታለም ጋ ደግሞ አሸንፋለች። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ሩጫ፣ ሦስት ውጤት!

ከዚያ ከእታለም የድምፅ መልእክት ገባ። ያ እልልታ። ማዳሟ እንዳትነቃ አፏን አፍና። "አባዬን ሳሚልኝ፣ አሸነፍን!" ትላለች። አባዬም ሰማው። ማናችንም ለመመለስ አልደፈርንም። በመጨረሻ እኔ "ሁለተኛ ናት እታለም፣ በሁለት ሰከንድ" ብዬ ጻፍኩላት። ብዙ ቆይታ "እሺ" አለች። እሺ ብቻ። አንድ ሰዓት ቆይታ ተነስታ የዚያን ቤት ሰው ቁርስ ልትሠራ ነው። እዚህ አብራን ብትሆን ኖሮ አባዬን ትጨቀጭቀው ነበር፣ እማዬ ቡናውን ትደግም ነበር፣ ሐዘኑን ተካፍለን እንተኛ ነበር። ብቻዋን አዘነች። ይሄ ነው የማይበርደኝ።

አንድ ሰው ደግሞ "የብር ሜዳሊያ ትልቅ ነገር ነው፣ ኡራጓይ እንኳ ነሐስ አምጥታ ትጨፍራለች" ብሎ ገና በጠዋት ጽፎልኛል። የኡራጓይዋ ልጅ ትጨፍር፣ ይገባታል። እኔ ግን ዛሬ አጽናኝ አልፈልግም።

አሁን የምፈልገውን ልንገራችሁ። ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር አለ። ዮሚፍ ቀጄልቻ አለ፣ ሰለሞን ባረጋ አለ። እታለም እሁድ ከሰዓት እረፍቷ ነው፣ ጮክ ብላ መጮህ ትችላለች። ጋሼንም አስማምቼዋለሁ፣ የራሱን ስክሪን አጥፍቶ በእኛ ስልክ ሊያይ ቃል ገብቷል፣ ሁላችንም እኩል እንድንሆን። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ወይም እዚያ ቅርብ፣ የማይቆራረጥ ዋይፋይና ቴሌቪዥን ያለው ሰው ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ። አባዬንና እማዬን ይዤ እመጣለሁ። ቡናውም ቆሎውም ከእኛ። ጩኸት የማይወድ ሰው ግን አይጻፍልኝ።