የጠፋ ጆርናል ክፍት አይደለም

ባለፈው ክረምት አንድ የማስተርስ ተማሪ ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጆርናል ላይ ያሳተምሁትን ጽሑፍ ጠየቀኝ። አድራሻውን ላክሁለት። «መምህር፣ ገጹ አይከፈትም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጹን ሲያድስ የቆዩት ዕትሞች ቀርተዋል። አዲሱ አርታኢ ከቀድሞው የተረከቡት ማኅተምና አንድ የኢሜይል የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ጽሑፌን ያገኘሁት ከአሮጌ ፍላሽ ነው። በጆርናሉ ሽፋን ላይ ግን «ክፍት ተደራሽ ጆርናል» የሚል በደማቁ ታትሞበታል።

ብዙዎቻችን «ክፍት» ስንል «ነጻ» ማለታችን ነው፤ አንባቢ ሳይከፍል ካነበበ በቃ። በ2002 እ.ኤ.አ. ስለ ክፍት ተደራሽነት የወጣው የቡዳፔስት መግለጫ ግን ከማንበብ አልፎ መቅዳትን፣ ማሰራጨትን፣ ማተምንም ይጨምራል፤ ለደራሲው የሚያስቀረው ሥራው እንዳይዛባና ስሙ በአግባቡ እንዲጠቀስ ነው። ይህን የሚፈቅደው ደግሞ ባለመብቱ እንጂ ሽፋኑ አይደለም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራ ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ጆርናሉ ዝም ካለ ሕጉ የሚሰማው «አልተፈቀደም» ተብሎ ነው። አንድን የጤና ጥናት ወደ አማርኛ ተርጉማ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማደል የምትፈልግ ነርስ ፈቃድ የምትጠይቀው ማንን ነው? ደራሲውን? ዩኒቨርሲቲውን? አዋጁ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሠራተኛ በሥራው ሂደት የፈጠረውን ለአሠሪው ስለሚሰጥ፣ መምህሩ ራሱ መልሱን ላያውቀው ይችላል።

ከዚህ ይልቅ የሚገርመኝ ጽሑፍ ሲታተም የሚፈረመው ቅጽ ነው። ደራሲው መብቱን በሙሉ ለጆርናሉ አሳልፎ ይሰጣል፤ ቅጹም ከውጭ የንግድ አሳታሚዎች የተቀዳ ይመስላል። እነርሱ የሚሸጡት ነገር አላቸው። በሕዝብ ገንዘብ የሚታተም የዩኒቨርሲቲ ጆርናል ምን ሊሸጥ ነው? መብቱ በደራሲው እጅ ይቆይ፤ ጆርናሉ መጀመሪያ የማተምና በማኅደሩ የማኖር ፈቃድ ይውሰድ፤ እያንዳንዱ ጽሑፍም የመጀመሪያ ገጹ ላይ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃዱን፣ ማለትም ሌሎች ጽሑፉን እንዴት መጠቀም እንደሚችሉ አስቀድሞ የሚናገረውን ዝግጁ ፈቃድ፣ ይያዝ። «ሌላው አትሞ ቢሸጠውስ?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ለንግድ መጠቀምን የሚከለክል ፈቃድም አለ፤ እኔ ግን ማንም ሳያነበው የሚቀር ጽሑፍ ያስፈራኛል እንጂ ተገዝቶ የሚነበብ አያስፈራኝም።

ማኅደሩ ግን ከሁሉም የከፋው ጉድለታችን ነው። በ1955 ዓ.ም. መታተም የጀመረውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጆርናል የመጀመሪያ ዕትም ዛሬም ስድስት ኪሎ ሄዶ ማንበብ ይቻላል፤ በኢንተርኔትም ጄስቶር በሚባለው የጆርናሎች ማከማቻ ይገኛል። የእኔ የስምንት ዓመት ፋይል ግን በድረ ገጹ የለም። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከ2000 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ170 በላይ ክፍት ጆርናሎች ከኢንተርኔት እንደጠፉ ተመራማሪዎች ቆጥረዋል። የስታንፎርድ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሎክስ የሚባለውን ሥርዓት የሠሩት ለዚህ ነው፤ ሐሳቡ ቀላል ነው፣ አንድ ቅጂ በብዙ ቤት ይቀመጥ፣ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ቆራጥ ሹምና ትልቅ ሰርቨር አያስፈልገውም፣ ስምምነት ነው የሚያስፈልገው።

በ2012 ዓ.ም. መባቻ የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ እንዲገባ ያዝዛል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሸክሙ በደራሲው ላይ ወድቋል፤ ማን ያስገባል፣ መቼ፣ የትኛውን ቅጂ የሚለውን የጆርናሎቻችን ደንብ ብዙ ጊዜ አይናገርም። እያንዳንዱ ዕትም እንደወጣ አርታኢው ራሱ ቢያስገባው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ለተማሪው ፋይሉን በቴሌግራም ላክሁለት። አመስግኖ «ለክፍል ጓደኞቼ ባካፍለው ችግር አለው?» ሲል ጠየቀ። የፈረምሁትን ስምምነት ለማየት ፈለግሁ። ቅጹም የነበረው በዚያው ድረ ገጽ ላይ ነው።