ሕግ ያልገደላቸው አስፈሪ መጽሔቶች

ሌሊት ነው። ሜዳው ላይ ቤዝቦል ይጫወታሉ። ኳሷን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግን ኳስ አይደለችም፤ የሰው ጭንቅላት ናት። መምቻው እግር ነው፤ የሜዳው መስመር የተሰመረው በአንጀት ነው። ሟቹ ራሱ ተጫዋች ነበር። የጫማውን ሹል መርዝ ቀብቶ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ገደለ፤ የተገደለው ተጫዋች ጓደኞች ደግሞ በዚህ መንገድ ደሙን መለሱ። ጃክ ዴቪስ የሳለው ይህ ታሪክ በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) «ዘ ሆንት ኦፍ ፊር» በሚባል የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔት ላይ ወጣ። የመጽሔቱ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር።

መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄ አሳፈረኝ።

ሰሞኑን የዚያን ዘመን አስፈሪ ኮሚኮች በስልኬ ሳገላብጥ ነው የማመሸው። ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት መጀመሪያ የሚሰጠው ለ28 ዓመት ነበር፤ ባለቤቱ ካላሳደሰው ሥራው የሕዝብ ይሆናል። ከትናንሾቹ አሳታሚዎች ብዙዎቹ በ1950ዎቹ አጋማሽ ስለተዘጉ የሚያሳድስላቸው አልተገኘም። እናም ሰብሳቢዎች ቢጫ የሆነውን ወረቀት ገጽ በገጽ ስካን እያደረጉ ለሁሉም ያካፍላሉ። የዊልያም ጌይንስ ድርጅት የነበረው ኢሲ ኮሚክስ ግን መብቱን ስላስጠበቀ ሥራዎቹ ባማረ ጥራዝ እየታተሙ ይሸጣሉ።

ስለነዚህ መጽሔቶች የሚጻፈው በአብዛኛው አድናቆት ነው፤ ተቀብሮ የኖረ ወርቅ የተገኘ ያህል ይወራል። በዚህ አልስማማም። እኔ ካነበብኳቸው ከአሥሩ ስምንቱ ገለባ ናቸው። ባል ሚስቱን ይገድላል፣ ሬሳዋ ይነሣል፣ ባል ይሞታል። በሚቀጥለው ወር ተራው የሚስት ይሆናል። ሴቶቹ ወይ ተንኮለኛ ናቸው ወይ ሬሳ። ታሪኩን የሚተርኩት የመቃብር ዘበኛውና አሮጊቷ ጠንቋይ የሚቀልዱት ቀልድም ቶሎ ይሰለቻል።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ። ዋሊ ውድ የሳለውን አንዱን ልንገራችሁ፤ በ1954 የወጣ ነው። ሴት ልጁ ሜክሲኳዊ ወጣት መውደዷ ያበገነው አባት ጎረቤቶቹን ያነሣሣል። ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጨለማ ይሄዳሉ፣ ያገኙትን ሰው ጠቅልለው እስኪሞት ይገርፉታል። ሲገልጡት ሟቿ የገዛ ልጁ ናት። እዚህ ታሪክ ውስጥ ሙት አልተነሣም፣ ጥርሱ የሾለ አውሬም የለም። ያለው የሰፈር ሰው ብቻ ነው። ያን ጊዜ በብዙ የአሜሪካ ክፍል ነጭና ጥቁር ሕፃናት በየፊናቸው ነበር የሚማሩት፤ ይህ ታሪክ ግን ጋዜጣ መሸጫ ላይ በ10 ሳንቲም ይገኝ ነበር።

ሙት የሚነሣባቸውም ቢሆኑ፣ ጥሩዎቹ፣ መሠረታቸው እኛ ግፍ የምንለው ነገር ነው። ድሃውን ያሳበደ ሀብታም፣ አደራ የበላ ዘመድ፣ ሥልጣኑን ተገን ያደረገ ባለሥልጣን፣ ሁሉም ሳይጠየቁ ይኖራሉ። ከዚያ አንድ ሌሊት የተበደለው ሰው አፈር እያራገፈ ይመጣል። «ግፉ ወጣበት» ሲባል ለሰማ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልብ ማለት ያለብን ግን ፍርዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ነው። ዳኛ አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም። ዳኛውና ፖሊሱ አንዳንዴ ተከሳሾች ናቸው።

ባለሥልጣናቱን ያስቆጣቸው ከደሙ ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

ኤፕሪል 21 ቀን 1954 ጌይንስ ኒውዮርክ ውስጥ የወጣቶችን ወንጀል በሚመረምረው የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ማንም ሳያስገድደው፣ ልናገር ብሎ ነው የሄደው። ሴናተር ኢስቲስ ኬፎቨር አንድ የመጽሔት ሽፋን አነሡ፦ ሰውዬው መጥረቢያ ይዟል፣ በሌላ እጁ የተቆረጠ የሴት ጭንቅላት ከፀጉሩ አንጠልጥሏል። ይህ ለዓይን ይመቻል ትላለህ? ብለው ጠየቁት። አዎ፣ ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን ይመቻል፣ አለ ጌይንስ። የማይመች የሚሆነውማ ጭንቅላቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ከአንገቱ ደም ሲንጠባጠብ ቢታይ ነበር፣ ብሎም አከለ። እውነቱን ለመናገር መልሱ ስህተት አልነበረበትም፤ ሽፋን ለይዘቱ መታመን አለበት። ግን እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረም። ጋዜጦቹ ያቺን ቃል ይዘው ሮጡ።

አሁን ሳንሱር ሲባል የእኛ ሰው ቀድሞ የሚታየው የመንግሥት ቢሮ ነው፤ ረቂቅህን ትሰጣለህ፣ ተሰርዞ ይመለስልሃል። አሜሪካ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው። ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸውን ሕግ ቢሞክሩም ኮንግረሱ ምንም አላወጣም። አሳታሚዎቹ ራሳቸው ፈርተው በዚያው ዓመት መኸር ላይ ማኅበር አቋቋሙ፣ ቻርልስ መርፊ የተባሉ ዳኛ አስቀመጡ፣ ደንብ ጻፉ። የደንቡን ማኅተም ያላገኘ መጽሔት በአከፋፋዮች ዘንድ ተቀባይነት አጣ፤ የጌይንስ መጽሔቶች እሽጋቸው ሳይፈታ ይመለሱ ጀመር። ሕግ ቢሆን ፍርድ ቤት ሄደው ይከራከሩት ነበር። የራሳቸውን ማኅበር ማን ይከሳል?

ደንቡን ማንበብ ያስደስታል። አስፈሪና አሸባሪ የሚሉት ቃላት በመጽሔት ስም ላይ እንዳይገቡ ይከለክላል። የሚንቀሳቀስ ሙት፣ ደም መጣጭ፣ ሰው በላ፣ ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው፣ ሁሉም ክልክል። ይህን ይሁን እንበል። ግን ቀጥሎ ፖሊስ፣ ዳኛና የመንግሥት ባለሥልጣን አክብሮት በሚያሳጣ መልክ እንዳይቀርቡ ያዛል። ክፉ ሁልጊዜ በደግ መሸነፍ አለበት ይላል። ፍቺ እንኳ እንደ መልካም ነገር እንዳይታይ ይላል። ደምን ለመከልከል የወጣ ደንብ ስለ ዳኛ ክብር ምን አገባው? (ማኅተሙ እስከ 2011 ኖረ፤ የመጨረሻዎቹ ተጠቃሚዎች ሲተዉት ባለቤትነቱ ለኮሚክ ነፃነት ወደሚሟገት ድርጅት ዞረ።)

የዚህ ታሪክ ሰይጣን ተደርጎ የሚሳለው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርተም ነው። ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚለው መጽሐፉ የወጣው በዚያው በ1954 ነው። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዋ ካሮል ቲሊ የግል ሰነዶቹን ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አውጥታ ስትመረምር የልጆቹን ቃል እንዳጣመመ፣ የተለያዩ ልጆችን ታሪክ አንድ ላይ እንደደባለቀ አገኘች። ይህ ይቅር የሚባል አይደለም። ቢሆንም ሰውዬው በ1946 ሃርለም ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ክሊኒክ ከፍቶ ጥቁር ድሆችን በ25 ሳንቲም ያክም ነበር። የቀለም መድልዎ ልጆችን እንደሚጎዳ የሰጠው ምስክርነት፣ በትምህርት ቤት ዘርን መለያየት ሕገ ወጥ ነው ወደተባለበት ውሳኔ ካደረሱት ክሶች በአንዱ ውስጥ ይገኛል። ያ ውሳኔ የተሰጠው ሜይ 17 ቀን 1954 ነው፤ በኮሚክ ላይ የተካሄደው ምርመራ ገና አላለቀም ነበር።

ስለዚህ ዌርተምን መጥላት ያስቸግረኛል። በ1955 ከመርፊ ቢሮ ስለሆነው ነገር ግን አልቸገርም።

ኢሲ አንድ የቆየ ታሪኩን ደግሞ ማተም ፈለገ። ጆ ኦርላንዶ የሳለው ነው። ከምድር የተላከ ጠፈርተኛ ሮቦቶች የሚኖሩበትን ዓለም ይጎበኛል። ብርቱካንማዎቹ ሮቦቶች ይገዛሉ፣ ሰማያዊዎቹ በተለየ ሰፈር ይኖራሉ፣ አውቶቡስ ላይ ከኋላ ይቀመጣሉ። ፋብሪካ ውስጥ ሲመረቱ ግን ልዩነታቸው የውጭ ቀለማቸው ብቻ ነው። ጠፈርተኛው ምድር ወዳለችበት የዓለማት ኅብረት ለመግባት ገና ናችሁ ብሏቸው ይሄዳል። መርከቡ ውስጥ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ላብ እንደ ሩቅ ከዋክብት ያበራል።

ጌይንስና አዘጋጁ አል ፌልድስታይን በኋላ እንደተናገሩት መርፊ ሰውዬው ጥቁር መሆን አይችልም አለ። ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው እኮ አሉት። ጌይንስ ለጋዜጦች እነግራለሁ ብሎ ሲያስፈራራ መርፊ ለዘብ አለ፤ ቢያንስ ላቡ ይውጣ አለ። ጌይንስ ሰድቦት ስልኩን ዘጋ።

ታሪኩ ከነላቡ ታተመ። ኢሲ ከዚያ በኋላ ሌላ ኮሚክ አላወጣም።