እርጥበቱስ?

ስለ እንጨት ኮላ ያወጣችሁት ጽሑፍ ኮምፔርሳቶ የሚጣበቅበት የዩሪያ ፎርማልዴይድ ኮላ ርካሽና ቶሎ የሚደርቅ መሆኑን ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። እርጥበትን ግን ዘሎታል፤ ዋናው ጣጣ ደግሞ እሱ ነው። ይህ ኮላ እርጥበትና ሙቀት ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ፎርማልዴይድ የተባለውን ጋዝም ይለቃል። ጋዙ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተፈረጀ ነው። በኮላው ውስጥ የፎርማልዴይዱን መጠን መቀነስ ልቀቱን ያሳንሳል፤ ቅነሳው ከበዛ ግን የኮላውን ጥንካሬ ይጎዳል። ሜላሚን የተባለው ኬሚካል የሚጨመረው ኮላው ውኃ እንዲቋቋም ነው።

ፊኖል ፎርማልዴይድ የተባለውን ሌላ ኮላ ግን የፈላ ውኃም አይበግረውም። የኮምፔርሳቶ ጠርዝ ላይ በንብርብሮቹ መሃል ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር ካያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ኮላው መያዙን ለማወቅ የኮምፔርሳቶውን ናሙና ቀቅላችሁ ንብርብሮቹን ገንጥሉ። እንጨቱ ራሱ ከተቦጨቀ ኮላው ይዟል፤ ልሙጥ ሆኖ ከተላቀቀ አልያዘም። እባካችሁ በቀጣዩ ጽሑፍ ይህን ፈተና አካቱት።