የመጀመሪያውን «ፉልሜታል አልኬሚስት» አትዝለሉት

«የ2003ቱን እለፈው፤ በቀጥታ ብራዘርሁድን እይ።» ሁለት ጊዜ የተሠራውን ፉልሜታል አልኬሚስት የተባለ አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ተከታታይ) ማየት ለሚፈልግ ሰው አብዛኛው የአኒሜ ወዳጅ የሚሰጠው ምክር ይሄ ነው። ሁለተኛው፣ ብራዘርሁድ፣ ታሪኩ የተወሰደበትን ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) ይከተላል፣ የ2003ቱ ግን መንገድ ስቷል ይባላል። እኔ አልስማማም። (ታሪኩን ስለምናገር ያላያችሁ ተጠንቀቁ።)

ሂሮሙ አራካዋ ማንጋውን ማሳተም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ቦንዝ ስቱዲዮ አኒሜውን በ2003 ሲጀምር የእሷ ታሪክ ገና ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ሴይጂ ሚዙሺማና ዋናው ጸሐፊ ሾ አይካዋ የራሳቸውን መጨረሻ መፍጠር ነበረባቸው። ገና ያልተሠራ መንገድ እንዴት ይሳታል?

የፈጠሩት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ወንድማማቾቹ ኤድዋርድና አልፎንስ የሞተች እናታቸውን በአልኬሚ (አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ) ለማስነሳት ሞክረው እንዳልተሳካላቸው ሁለቱም አኒሜዎች ይነግሩናል። በብራዘርሁድ ሆሙንኩለስ የሚባሉትን ሰው መሰል ፍጡራን የሚፈጥራቸው «አባት» የሚባለው ጠላት ነው። በ2003ቱ ግን እያንዳንዱ ሆሙንኩለስ የሚወለደው አንድ ሰው ሙት ለማስነሳት ሞክሮ ሲከሽፍበት ነው። ስሎዝ የተባለችው ጠላት የእናታቸው መልክ አላት፤ ምክንያቱም እነሱ ራሳቸው ናቸው የፈጠሯት። ኤድዋርድ የእናቱን ፊት እያየ ሊገድላት ግድ ይሆንበታል። የልጆቹ ጥፋት ሥጋ ለብሶ ፊታቸው ቆሟል፤ ሸሽተው የሚያመልጡት አይደለም። ከሁለቱም አኒሜዎች እንደዚህ ልቤን የነካው ሌላ ነገር የለም። ማንጋው ውስጥ ደግሞ ይህ ጨርሶ የለም።

የትንሿ ኒናም ነገር አለ። በ2003ቱ ወንድማማቾቹ ኤድዋርድ ለመንግሥት አልኬሚስትነት ፈተና ሲዘጋጅ እነ ኒና ቤት ይቀመጣሉ። ልጅቷን እንለምዳታለን፣ እንወዳታለን። አባቷ በአልኬሚ ከውሻዋ ጋር አዋህዶ ያን ግፍ ሲፈጽምባት ታዲያ አንጀት ይቆርጣል። ብራዘርሁድ ይህን ሁሉ በአራተኛው ክፍል ጀምሮ እዚያው ይጨርሰዋል። የወንድማማቾቹ ወዳጅ የሆነው መኮንን ሂዩዝም እንዲሁ ነው። በአሮጌው እስከ 25ኛው ክፍል አብሮን ይቆያል፤ በአዲሱ 10ኛው ላይ ይሞታል።

ብራዘርሁድን ግን አላጣጥልም። ከ2009 እስከ 2010 በ64 ክፍሎች ሲቀርብ የማንጋው መጨረሻም በዚያው ሰሞን ነው የወጣው። ዳይሬክተሩ ያሱሂሮ ኢሪዬ ታሪኩን ወዴት እንደሚወስደው ያውቃል። ሊንግ፣ ሜይ፣ የብሪግስ ምሽግ አዛዧ ኦሊቪየር፣ እነዚህ ሁሉ አሮጌው ውስጥ የሉም። የመጨረሻው ጦርነት ላይ ሁሉም የየድርሻውን ይወጣል። ኤድዋርድ ወንድሙን ለመመለስ አልኬሚውን ሲሰጥ ያ ፍጻሜ ከመጀመሪያ ጀምሮ የታሰበበት እንደሆነ ይታያል። አሮጌው እዚህ ላይ ይሸነፋል። ወደ መጨረሻው ድንገት ወደ እኛ ዓለም ይሻገርና ታሪኩን የሚቋጨው በ2005 በወጣ ፊልም ነው። ይሄ ያስቆጫል።

ብራዘርሁድ መጀመሪያው ላይ የሚሮጠው ተመልካቹ የድሮውን አይቷል ብሎ ስለሚያስብ ይመስለኛል። ስለዚህ አዲስ ለሚጀምር ሰው የምለው አንድ ነው፦ 51ዱን ክፍል አስቀድማችሁ እዩ፤ ከዚያ ወደ 64ቱ ሂዱ። ጊዜ ካጠራችሁ ቢያንስ አሮጌውን እስከ ሂዩዝ ቀብር ድረስ እዩት።