ጋደም ያለችው ጨረቃ

ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሰሞኑን የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ጨረቃን ለአንድ ወር በየማታው እያዩ መሳል ነው። እኔም አውቃለሁ ብዬ ማጭድ የመሰለችዋን ጨረቃ እንደ ጀልባ አጋድሜ ሳልኩላት። «አባዬ፣ ጨረቃ እንዲህ አትተኛም» አለችኝ። ወጥተን አየን። እውነትም ቆማለች! ይህን ያህል ዓመት ውጭ ኖሬ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም ማለት ነው።

አገር ቤት ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ጨረቃ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው። የሚበራው ጎኗም ቀድሟት ወደጠለቀችው ፀሐይ፣ ማለትም ወደ ታች ይዞርና ጋደም ትላለች። ወደ ሰሜን በራቅን ቁጥር መንገዷ ያዘነብላል፣ እሷም አብራ ትቆማለች።

እኛ በቃል ነበር የምንወጣው። ምድር በዛቢያዋ ላይ በ24 ሰዓት ትሽከረከራለች፣ ፀሐይን በ365 ቀን ከሩብ ትዞራለች፣ ጨረቃ ከሙሉ ወደ ሙሉ 29 ቀን ተኩል ይፈጅባታል። ፈተናውን ደፈንነው። ጨረቃ ለምን ትጎድላለች ብትሉን ግን «የመሬት ጥላ ነው» እንል ነበር። ጥላው እኮ የሚያርፍባት በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው!

እዚህ መምህሯ ክፍሉን አጨልማ አንድ አምፖል ታበራለች፤ ለየልጁ እርሳስ ላይ የተሰካ ነጭ ኳስ ትሰጥና ዙሩ ትላለች። ልጄ እኔንም ሳሎን ውስጥ አዞረችኝ። ጀርባዬን ለመብራቱ ስሰጥ የጭንቅላቴ ጥላ ኳሱን ዋጠው። ትንሽ ከፍ ሳደርገው ሙሉ ጨረቃ ሆነ። ለካ በየወሩ ግርዶሽ የማይኖረው ለዚህ ነው፤ የጨረቃ ምህዋር 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ያለ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ።

የሚያናድደኝ፣ አገር ቤት ያለ ልጅ በዓመት ሁለት ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ልክ አናቱ ላይ ስትሆን ጥላው እግሩ ሥር ሲጠፋ ማየት ይችላል፣ እዚህ ያለው ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ ቢጠብቅ አያገኘውም፤ ታዲያ ያንን ልጅ ክፍል ዘግተን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ እንስልለታለን። ውጡና እዩ ለማለት አምፖል እንኳን አያስፈልግም ነበር።

ማታውኑ አገር ቤት ለእህቴ ልጅ ደወልኩና የጨረቃዋን ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። ላከ፤ ጋደም ብላለች። እኛም የኛን ላክንለት።

«አጎቴ፣ የእናንተዋ ልትወድቅ ነው እንዴ?»